ከደረት ጉዳት በኋላ የሚቀር ደም፦ አጋላጭ ምክንያቶቹና የሚታለፍበት መንገድ

መግቢያ

በደረቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደረቱ በቀዶ ሕክምና መከፈት አያስፈልገውም። በጎድን አጥንቶቹ መካከል በሚገባ ቱቦ ደሙና አየሩ ይወጣል፤ የተጨመቀው ሳንባ ተመልሶ ይነፋል፤ ሕመምተኛውም ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ሰፊ ቦታ የሚሰጡት ከዚህ መንገድ ለሚወጡት ነው፤ ቱቦው እንደገባ 1,500 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ለሚፈስሳቸው ወይም ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ 200 ሚሊ ሊትር እየፈሰሰ ለሚቀጥልባቸው። እነዚህ ሕሙማን ሁኔታቸው ጎልቶ ስለሚታይ ሳይዘገይ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይወሰዳሉ።

በሁለቱ መካከል ግን ድምፁ የማይሰማ ሦስተኛ ሕመምተኛ አለ። የደሙ መፍሰስ ቆሟል፤ ቱቦውም ገብቷል፤ ነገር ግን ከፈሰሰው ደም ከፊሉ ረግቶ በደረቱ ውስጥ ቀርቷል። ይህ ሁኔታ ቀሪ ሄሞቶራክስ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምልክቱ ደካማ ነው፤ ጥቂት የትንፋሽ ማጠር፣ ከስብራቱ ሕመም ለመለየት የሚያስቸግር የጎን ውጋት፣ አንዳንዴም ምንም ላይኖር ይችላል። ሕመምተኛው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና መግል ይዞ ሲመለስ፣ ወይም ሳንባው በጠባሳ ቅርፊት ተሸፍኖ መንፋት ሲያቅተው፣ ያ ቀላል የነበረ ሥራ ከባድ ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

የዚህ ሁኔታ አጋላጭ ምክንያቶች በተለያዩ ጥናቶች ተዘርዝረዋል። ዝርዝሮቹ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ሠንጠረዥ ይቀላቅላሉ፤ ደሙ ለምን በዛ? ለምን ሳይወጣ ቀረ? ቀርቶ ሳለስ ለምን ሳይታወቅ ታለፈ? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲደርስ ያለቀ ጉዳይ ነው። በሕሙማን ክፍል ውስጥ ሊለወጡ የሚችሉት የሁለተኛውና የሦስተኛው ጥያቄ መልሶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የታተሙ ጥናቶችን በዚህ ክፍፍል መሠረት ይፈትሻል።

ደሙ ለምን ይረጋል?

ሳንባንና የደረትን ግድግዳ የሚሸፍኑት ሁለት የፕሉራ ሽፋኖች በጤናማ ሰው መካከላቸው ያለው ፈሳሽ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ይህ ክፍተት ግን የመስፋት አቅሙ ከፍተኛ ነው፤ የአዋቂ ሰው አንዱ የደረት ጎን ብቻ ከ3 ሊትር በላይ ደም ሊይዝ ይችላል። ደም ቀስ ብሎ ሲፈስስ የልብ ምት፣ የሳንባና የድያፍራም እንቅስቃሴ ስለሚንጠው ለመርጋት የሚያስፈልገው ፋይብሪኖጅን ይመናመናል፤ ስለዚህ ከቱቦው የሚወጣው ደም በጠርሙሱ ውስጥ ሳይረጋ ሊቆይ ይችላል። ፈሳሹ ሳይረጋ መታየቱ ደረቱ ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው የሚል መተማመን ያሳድራል፤ መተማመኑ ግን መሠረት የለውም። ደሙ በፍጥነትና በብዛት ሲፈስስ ለመናጥ ጊዜ ስለማያገኝ ይረጋል። በተለይ ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ ሲቆይ ከኋላና ከድያፍራሙ በላይ ባለው ጥግ ይጠራቀማል። የረጋ ደም በቱቦ አይወጣም፤ የቱቦው ስፋት ምንም ቢሆን።

ከዚህ በኋላ ሦስት መንገዶች አሉ። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ሰውነት ራሱ እያሟሟ በሊምፍ ቧንቧዎች በኩል ይመጠዋል፤ አብዛኛው ትንሽ ቀሪ ደም መጨረሻው ይኸው ነው። ተህዋስያን ከደረሱበት ደሙ ለእነርሱ የተመቸ ምግብ ስለሆነ ኢምፓየማ የሚባለው የደረት መግል ይፈጠራል። ሦስተኛው መንገድ ዝግተኛው ነው፤ የረጋው ደም ወደ ጠባሳ ይለወጥና ሳንባውን እንደ ልጥ ጠቅልሎ ይይዘዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሜዲትራኒያን ግንባር የነበሩ የአሜሪካ ጦር ቀዶ ሐኪሞች ይህን ቅርፊት ከሳንባው ላይ የመላጥ ቀዶ ሕክምናን በስፋት የሠሩት በጥይትና በፍንጣሪ ከቆሰሉ ወታደሮች ደረት ያልወጣ ደም ይህን ስላስከተለ ነበር።

ከጉዳቱ ጋር የሚመጡ ምክንያቶች

በዚህ ርዕስ ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ሥራ በአሜሪካ የአደጋ ቀዶ ሕክምና ማኅበር ስር በ20 ማዕከላት የተካሄደውና ዱቦዝና ባልደረቦቹ በ2012 ያሳተሙት ወደፊት ተከታታይ ጥናት ነው። በጥናቱ የተካተቱት ሆስፒታል በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ የደረት ቱቦ ገብቶላቸው፣ ከዚያም በ14 ቀናት ውስጥ በተነሣ ሲቲ ስካን ቀሪ ደም የታየባቸው 328 ሕሙማን ናቸው። ከእነዚህ 26.8 በመቶዎቹ ኢምፓየማ፣ 19.5 በመቶዎቹ የሳንባ ምች ይዟቸዋል፤ 20.4 በመቶዎቹ ደግሞ በመጨረሻ ደረታቸው በሰፊው መከፈት አስፈልጎታል። ከአራት ሕሙማን ከአንድ በላይ የሚሆነው ወደ መግል የሚደርስበትን ሁኔታ ተራ ተከታይ ችግር ማለት ያስቸግራል።

በጥናቱ ያለ ተጨማሪ ጣልቃ ገብነት በክትትል ብቻ ለመዳን ራሳቸውን ችለው ከተያያዙት ምክንያቶች መካከል አራቱ እነዚህ ናቸው፤ የቀሪው ደም መጠን 300 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች መሆኑ፣ ዕድሜ መግፋቱ፣ ጉዳቱ የስለት ወይም የጥይት ሳይሆን የድብደባ ወይም የግጭት መሆኑ፣ ቱቦው ሲገባ አንቲባዮቲክ መሰጠቱ። የመጀመሪያው ከተፈጥሮ ሂደቱ ጋር ይስማማል። የቀሩት ሦስቱ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። አንቲባዮቲክ የረጋ ደም አያሟሟም፤ ከተሳካ ክትትል ጋር የታየው ዝምድና ኢንፌክሽንን ከመከላከል ሊመጣ ይችላል፤ ቱቦው ተረጋግቶና ንጽሕናው ተጠብቆ የገባበትን ሁኔታ የሚያመለክት ብቻም ሊሆን ይችላል። የዕድሜውም ነገር እንዲሁ ነው። ክትትሉ «ተሳካ» የሚባለው ሌላ ሕክምና ካልተደረገ በመሆኑ፣ ሐኪሙ አረጋዊን ሕመምተኛ ወደ ቀዶ ሕክምና ለመውሰድ ማመንታቱ በቁጥሩ ውስጥ እንደ መዳን ሊቆጠር ይችላል።

ከዚሁ ጥናት የወጣ ሌላ ጽሑፍ ቀሪ ደም ካለባቸው ሕሙማን መካከል ወደ ኢምፓየማ የሚያደርሱትን ፈትሾ የጎድን አጥንት ስብራትን፣ የጉዳት ክብደት መለኪያ ነጥብ 25 ወይም ከዚያ በላይ መሆንን፣ ደሙን ለማስወጣት የተደረጉ ተጨማሪ ጣልቃ ገብነቶችን አግኝቷል። የመጨረሻው ግራ ያጋባል፤ መድኃኒቱ በሽታ ሆኖ ይታያልና። ሁለት ንባቦች አሉ። እያንዳንዱ አዲስ ቱቦ ለተህዋስያን አዲስ በር ይከፍታል፤ ወይም ተጨማሪ ሥራ ያስፈለጋቸው ከመጀመሪያውም የከፋ ቀሪ ደም የነበራቸው ናቸው። ጥናቱ ምልከታዊ ስለሆነ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ በሕሙማን ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ውሳኔ ያመራሉ። አንድ በደንብ የታሰበበት ሥራ ከሦስት ግማሽ ሥራዎች ይሻላል።

በሌሎች ጥናቶች ደጋግመው የሚነሡት የመጀመሪያው ደም መጠን፣ የሳንባ መቀጥቀጥና በመተንፈሻ መሣሪያ መታገዝ ናቸው። ስለ መጀመሪያው መጠን ብዙ ክርክር የለም። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ ሕመምተኛ ግን ተኝቶ የሚቆይ፣ የማያስል፣ ራሱን ችሎ በጥልቀት የማይተነፍስ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሲቲ ስካን ከማንም በላይ ተደጋግሞ የሚነሣው እርሱ ነው። ደሙ በእርሱ ደረት በብዛት ቀርቶ ነው ወይስ በብዛት ተፈልጎ? ቀሪ ሄሞቶራክስ በሲቲ ስካን እስከተበየነ ድረስ ይህ ጥያቄ ከእያንዳንዱ የአጋላጭ ምክንያቶች ሠንጠረዥ ኋላ ቆሞ ይኖራል።

ቱቦው

ቱቦው ከሰፋ ደሙ በቀላሉ ይወጣል የሚለው እምነት ለረጅም ዘመን ሳይጠየቅ ቆይቷል። ኢናባና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ በ293 ሕሙማን ላይ የገቡ 353 ቱቦዎችን ተከታትለው በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ28 እስከ 32 ፍሬንች በሆኑት ቱቦዎች 11.8 በመቶ፣ ከ36 እስከ 40 ፍሬንች በሆኑት 10.7 በመቶ ቀሪ ደም አግኝተዋል፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። በ2021 የታተመ፣ 119 ሕሙማንን ያካተተ፣ በዕጣ የተመደበ የብዙ ማዕከላት ጥናት ከዚህም አልፎ የ14 ፍሬንቹን ቀጭን ቱቦ ከ28 እስከ 32 ፍሬንች ቱቦ ጋር አነጻጽሮ የመክሸፍ ምጣኔያቸው ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል፤ በሞት አፋፍ ላይ የነበሩ ሕሙማን ግን አልተካተቱበትም። ስለ ቱቦው አቅጣጫም በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ቱቦው በፕሉራ ክፍተት ውስጥ እስካለ ድረስ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ተጨማሪ ጣልቃ ገብነት ማስፈለጉን እንደማይወስን ደምድሟል።

ስለዚህ የቱቦው ስፋት ከአጋላጭ ምክንያቶች ዝርዝር ሊወጣ ይችላል ማለት ይቻላል። የቀረው ቱቦው ከገባ በኋላ የሚሆነው ነው፤ በዚህ ላይ የተጻፈው ደግሞ ጥቂት ነው። የመጨረሻው ቀዳዳ ከደረቱ ግድግዳ ውጭ የቀረ፣ ሕመምተኛው የተኛበት፣ የታጠፈ ወይም በረጋ ደም የተደፈነ ቱቦ የለም ከማለት አይሻልም። በብዙ ሆስፒታሎች ቱቦው የሚገናኘው መሳቢያ ኃይል ከሌለው የውኃ ጠርሙስ ጋር ነው። ሕመምተኛው ወደ ራጅ ክፍል ሲወሰድ ጠርሙሱ ከደረቱ ከፍታ በላይ ይነሣል፤ ወይም ቱቦው በመቆንጠጫ ይታሰርና ሲመለስ ሳይፈታ ይረሳል። የጎድን አጥንት ስብራት ያለበት ሰው በቂ የሕመም ማስታገሻ ካላገኘ አያስልም፣ ቀና ብሎ አይቀመጥም፣ ትንፋሹን ያሳጥራል፤ ደሙን ወደ ቱቦው የሚገፋውም የራሱ የሳንባ መነፋት ነው። ሕመምን ማስታገስ በዚህ ረገድ ከርኅራኄ ያለፈ፣ የደረት ማጽዳት ሥራ አካል ነው።

ደሙ ከመርጋቱ በፊት ደረቱን ማጠብ በዚህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚሰጥ ሐሳብ ነው። በሚልዋኪ የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት ቱቦው በሚገባበት ጊዜ ለብ ባለ ንጹሕ የጨው ውኃ ደረታቸው ከታጠበላቸው ሕሙማን ሁለተኛ ጣልቃ ገብነት ያስፈለጋቸው 5.6 በመቶ፣ ካልታጠበላቸው 21.8 በመቶ መሆናቸውን ዘግቧል። ምደባው በዕጣ አልነበረም፤ የአንድ ማዕከል ልምድም ነው። ቢሆንም የሚያስፈልገው ውኃ፣ ንጹሕ መርፌ ወይም መስጫ ቱቦና የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ስለሆነ፣ ውድ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ሊፈተን የሚገባው ሐሳብ ነው።

ሳይታወቅ መታለፍ

ቆሞ ወይም ተቀምጦ በተነሣ የደረት ራጅ ላይ የሳንባው የታችኛው ጥግ ደብዝዞ እንዲታይ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋል። በጀርባው ተኝቶ በተነሣ ሕመምተኛ ግን ፈሳሹ ከሳንባው ኋላ እንደ አንሶላ ስለሚነጠፍ፣ እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ደም በአንድ ጎን ላይ እንደ ቀጭን ጉም ብቻ ሊታይ ይችላል። የሳንባ መቀጥቀጥ፣ የታችኛው ሳንባ መክሰምና የረጋ ደም በራጅ ላይ አንዱ ሌላውን ይመስላል። ቬልማሆስና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ሥራ ቀሪ ደም በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ለመወሰን ራጅ ብቻውን በቂ አለመሆኑን አሳይተዋል።

ሲቲ ስካን ባለበት የደሙ መጠን የሚገመተው በቀላል ስሌት ነው፤ የደሙ ትልቁ ጥልቀት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ከዚያም ከላይ እስከ ታች ባለው ርዝመት ይባዛል። ጥልቀቱ 5፣ ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀሪ ደም 350 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ለካዩ ጥልቀቱን 4 ሴንቲ ሜትር ብሎ ቢያነብበው ግን ውጤቱ 224 ነው። አንዱ ከ300 በላይ፣ ሌላው በታች፤ አንዱ ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላው ወደ ክትትል። የ300 ሚሊ ሊትሩ መስመር እንደ አጥር ሊወሰድ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከምስል በፊት ግን የሚያሳስተው ሌላ ወረቀት ነው፤ የጠርሙሱ መመዝገቢያ። በብዙ ቦታ ቱቦው የሚወጣው በ24 ሰዓት የሚፈስሰው ከ150 ወይም ከ200 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ነው። ትናንት 400፣ ዛሬ 40 የሚል መዝገብ መልካም ዜና ይመስላል። ደሙ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው ተደፍኖም ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም። የሚለየው ከአልጋው አጠገብ ቆሞ የሚታይ ነገር ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ከትንፋሹ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል ወይስ ቆሟል? ሕመምተኛው ሲያስል ይንቀሳቀሳል? በዚያ ጎን የትንፋሽ ድምፅ ተመልሷል? ውኃው የቆመው ሳንባው ሙሉ በሙሉ ስለተነፋ ከሆነ የትንፋሹ ድምፅ ይመሰክራል። የፍሰት መቀነስ ከታች በኩል ድምፅ ካጣ ደረት ጋር ሲገናኝ ግን ቱቦውን ከማውጣት በፊት ምስል ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት ማየት የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ የምሽት ተረኛ ነርስ ነው፤ መመዝገቢያው ግን የሚጠይቀው ሚሊ ሊትሩን ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ሲቲ ስካን በአብዛኛው በትላልቅ ከተሞች የተወሰነ ነው። በአዲስ አበባ እንደ አቤት ሆስፒታል ያሉ የአደጋ ሕክምናን ዋና ሥራቸው ያደረጉ ተቋማት ቢኖሩም፣ በመኪና አደጋ፣ ከባጃጅ በመገልበጥ፣ በስለት ወይም በጥይት የተጎዳ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። የቱቦው መግባት በሰዓታት፣ አንዳንዴም በቀናት ይዘገያል፤ የዘገየ ደም ደግሞ የረጋ ደም ነው። የውጭ ጥናቶች ቱቦው በ24 ሰዓት ውስጥ የገባላቸውን ብቻ ሲያካትቱ፣ በዚህ አገር ምናልባት ዋናው አጋላጭ ምክንያት የሆነውን ገና ከመግቢያው ያስቀሩታል። ሲቲ ስካን በሌለበት ደግሞ ቀሪ ደም በምርመራ መዝገብ ላይ በራሱ ስም አይገኝም፤ ከሳምንታት በኋላ «ኢምፓየማ» ተብሎ፣ አንዳንዴም የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጥሮ ይመዘገባል። በሽተኛው ከወር በፊት በጎኑ ተወግቶ እንደነበር የሚጠይቅ ካልተገኘ ሁለቱ መዝገቦች አይገናኙም።

የጊዜው ጉዳይ

ሜየርና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙትና 39 ሕሙማንን ባካተተ በዕጣ የተመደበ ጥናት፣ ቀሪ ደም በካሜራ በታገዘ የደረት ቀዶ ሕክምና ቀድሞ የወጣላቸው ሁለተኛ ቱቦ ከገባላቸው ይልቅ ቱቦ የያዙበትም በሆስፒታል የቆዩበትም ጊዜ አጥሯል። የምሥራቃዊው የአደጋ ቀዶ ሕክምና ማኅበር የ2021 መመሪያም ይህ ቀዶ ሕክምና በ4 ቀናት ውስጥ ቢደረግ ይሻላል የሚል፣ በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ምክር ይሰጣል። የረጋን ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶችን በቱቦው መስጠት ቀዶ ሕክምናው በማይገኝበት አማራጭ ነው፤ መመሪያው ከቀዶ ሕክምናው በታች ያስቀምጠዋል።

ከዚህ ለአጋላጭ ምክንያቶች ጥናት የሚተርፈው አንድ ነገር አለ። ደሙ ከሳምንት በላይ ሲቆይ ከፕሉራው ጋር ይጣበቃልና ቀኑ ራሱ ምክንያት ይሆናል። ሕመምተኛው ሪፈር ተጽፎለት፣ አልጋ ተፈልጎለት፣ ምስል ተነሥቶ እስኪነበብ አራቱ ቀናት ካለፉ፣ የጉዳቱ ክብደት ነጥብ ብቻውን ውጤቱን ሊያብራራ አይችልም።

በአገር ውስጥ ለሚሠራ ጥናት

ከላይ የተነሡት ክፍተቶች በትልቅ ወጪ የሚሞሉ አይደሉም። የቀደሙ የሕሙማን መዛግብትን ወደኋላ ማገላበጥ ለዚህ ጥያቄ ብዙም አይረዳም፤ የጎደለው መረጃ መጀመሪያውኑ አልተጻፈምና። የሚሻለው ወደፊት የሚከተል ጥናት ነው፤ ቱቦ የገባለትን ሕመምተኛ ሁሉ፣ የተመረጡትን ብቻ ሳይሆን፣ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል በአልትራሳውንድ ማየት። አልትራሳውንድ ከራጅ ይልቅ ጥቂት ፈሳሽ ያሳያል፣ ወደ አልጋው ይሄዳል፣ ከሲቲ ስካንም በስፋት ይገኛል፤ ከቆዳ በታች አየር በገባበትና በወፍራም ሰው ላይ ግን እይታው ይደክማል፤ የረጋ ደምን መጠንም በሲቲ ስካን ልክ አይለካም። ሁሉም ሕመምተኛ በአንድ ሰዓት ክልል ከታየ «በብዛት የተፈለገው በብዛት ተገኘ» የሚለው አድልዎ ይቀንሳል።

ከተለመዱት ዕድሜ፣ ጾታና የጉዳት ዓይነት በተጨማሪ መመዝገብ ያለባቸው፦ ከጉዳቱ እስከ ቱቦው ያለፈው ሰዓት፣ ቱቦውን ያስገባው ባለሙያ የሥልጠና ደረጃ፣ ቱቦው እንደገባ የወጣው ደም መጠን፣ ደረቱ መታጠቡ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የተሰጠው የሕመም ማስታገሻ፣ ቱቦው በወጣበት ዕለት የውኃው እንቅስቃሴና የትንፋሹ ድምፅ። የመጨረሻው መለኪያም ሕመምተኛው ከሆስፒታል በወጣበት ቀን መቆም የለበትም። መግሉ የሚመጣው በኋላ ስለሆነ በ30ኛው ቀን የስልክ ጥሪ ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛው ስልክ ከሌለው የአስታማሚው ቁጥር ገና ሲገባ መያዝ አለበት።